ስሙ ያልተጻፈ ባለ እጅ

ላሊበላ ቅዳሜ ገበያ የወጣ ሰው የሚያየው አያጣም። ማሩ፣ ገብሱ፣ በጉ፣ ጋቢው፣ ሁሉም በየረድፉ ተሰልፏል። የእኔ ዐይን ግን ደጋግሞ የሚያርፈው ከየተራራው የወረዱ አዛውንቶች ባነገቱት አሮጌ ጠመንጃ ላይ ነው። የጠመንጃ ፍቅር ኖሮኝ አይደለም፤ ጠመንጃ በዚህ አገር ያደረሰውን የሚያውቅ ሰው ሊወደው ይከብደዋል። እኔን የሚስበኝ ጠመንጃው ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ የሰው እጅ የጨመረበት ነገር ነው።

ሰደፉን ልብ ብላችሁ እዩት። ከባሕር ማዶ የመጣው እንጨት ድሮ ተሰንጥቋል። በስንጥቁ ላይ እርጥብ ጠፍር ተጠምጥሞበታል፤ ጠፍሩ ሲደርቅ ተኮማትሮ እንጨቱን ጨምድዶ ይዞታል። ሌላው ጠመንጃ ላይ የሰደፉ ጫፍ ጨርሶ ሌላ እንጨት ነው። አንድ ሰው የወይራ ቁራጭ ጠርቦ፣ ገጥሞ፣ በናስ ምስማር መትቶታል፤ የእጅና የጉንጭ ወዝ ለዓመታት ስለጠጣ ከአሮጌው እንጨት ለመለየት ቀረብ ብሎ ማየት ይጠይቃል። የማንገቻው ቀለበት የወለቀበትም አለ። እዚያ ላይ አንድ ቀጥቃጭ ቀጭን ብረት አግሎ፣ አጥፎ፣ ጫፍና ጫፉን በእሳት አጋጥሞ አዲስ ቀለበት አስገብቶለታል። ቀለበቱ ላይ ጥቃቅን የመዶሻ ጠባሳዎች ይታያሉ። እነዚያን ጠባሳዎች ሳይ ይህን የሠራው ማን ይሆን እላለሁ።

አንዱን አዛውንት ጠይቄያቸው ነበር።

«አያ፣ ይህ ጠመንጃ ምን ይባላል?»

«ምንሽር ነዋ! አባቴ በጠላት ጊዜ የታጠቀው ነው» አሉኝ ቀና ብለው። ከዚያም አባታቸው የትኛው ተራራ ላይ እንደነበሩ፣ ከማን ጋር እንደዘመቱ፣ ጠመንጃው ከማን እጅ እንደተገኘ አንድ በአንድ ነገሩኝ።

«ይህችን ቀለበት ማን ሠራልዎ?»

ቀለበቷን አገላብጠው አዩዋት። «እሷንማ ቀጥቃጩ ነው። እዚያ ማዶ የነበረው።»

«ስሙ ማን ነበር?»

«እንጃ ልጄ። ቀጥቃጩ ነበር የምንለው።»

የጠመንጃው ስም፣ የባለቤቱ ስም፣ የተራራው ስም ተጠብቋል። የጠፋው ጠመንጃውን በሰው ትከሻ ላይ ያቆየው ሰው ስም ብቻ ነው። ሽማግሌውን አልወቅሳቸውም፤ እሳቸው የተቀበሉትን ነው ያስተላለፉት። ነገሩ ግን ከዚያ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣም፤ ስማቸው የተረፈ ቀጥቃጮች ወዳሉበት ሩቅ አገር ታሪክ የመራኝም እሱ ነው።

በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ከጀርመንና ከስዊዘርላንድ የተሰደዱ ባለ እጆች በሰሜን አሜሪካ፣ ፔንሲልቬንያ በሚባለው አገር ሰፈሩ። ከትውልድ አገራቸው ያመጡት አጭርና ወፍራም የአዳኝ ጠመንጃ ነበር። አዲሱ አገር ጫካው ሰፊ፣ ገበያው ሩቅ፣ እርሳሱና ባሩዱ ውድ ሆነባቸው። ስለዚህ ጠመንጃውን ከአገሩ ጋር አስማሙት። ዘንጉን ከአንድ ሜትር በላይ አስረዘሙት። ከአንድ ሙዳ እርሳስ ብዙ አረር እንዲወጣ ቀዳዳውን አጠበቡት። አረሩ እየተሽከረከረ ወጥቶ ዒላማውን እንዳይስት የዘንጉን ውስጥ በጠመዝማዛ ቦይ መቅረጽን ግን ከትውልድ አገራቸው ይዘውት የመጡ ነው። ሰደፉንም እዚያው ከሚበቅለው፣ ዥንጉርጉር መልክ ካለው የሜፕል እንጨት ጠረቡት። የአሜሪካ ረጅም ጠመንጃ የሚባለው ይኸው ነው።

አሠራሩን ሳነብ ሩቅ አገር ያለሁ አልመሰለኝም። የጠመንጃውን ዘንግ ለመሥራት ዝርግ ብረት በቀጭን በትር ዙሪያ እየተጠቀለለ፣ ነጭ እስኪሆን እየጋለ፣ በአንድ ግለት ጥቂት ጣት ያህል ብቻ እየተቀጠቀጠ ይያያዛል። ብረቱ ትንሽ ከቀዘቀዘ አይጣበቅም፤ ትንሽ ካለፈበት ይቃጠላል። መለኪያው የቀጥቃጩ ዐይን ነው። ከዚያ ይሰረሰራል፤ ውጪው ስምንት ማዕዘን ሆኖ ይሞረዳል። በመጨረሻም ጫፉ ላይ ትንሽ ጥርስ የተተከለበት በትር በውስጡ ወዲያና ወዲህ ይሳባል። ጥርሱ በአንድ ምልልስ የሚፍቀው ከፀጉር ያነሰ ነው። አንዱ ቦይ እስኪያልቅ ስንት ጊዜ መሳብ እንዳለበት አስቡት፤ ሲያልቅ ደግሞ ሌላው ቦይ ይጀመራል።

የእኛ ቀጥቃጭ ዳስ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ይህን ዐይን ያውቀዋል። ዳሱ ጥላ ይበዛበታል፤ በፀሐይ ብርሃን የጋለ ብረት መልኩ በደንብ አይለይማ። አንድ ልጅ ከፍየል ቆዳ የተሠሩትን ሁለት ወናፎች በሁለት እጁ ያነሳል፣ ይጥላል። አንዱ ሲተነፍስ ሌላው ይስባል፤ ነፋሱ አይቋረጥም። ቀጥቃጩ ከሰሉ ውስጥ የገባውን ማረሻ በጉጠት እያገላበጠ ዝም ብሎ ይመለከታል። ጥቁሩ ደም ይመስላል፣ ደሙ ይቀላል፣ ቅላቱ ወደ ቢጫ ይሄዳል። ልክ ሲሆን ከእሳቱ ያወጣዋል፤ መዶሻው የሚያርፍበትም ያን ጊዜ ነው። ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው የሚለውን ተረት ሁላችንም እንናገረዋለን። የግለቱን ልክ የሚያውቀው ግን ከልጅነቱ ወናፍ እየነፋ ያደገው ሰው ነው።

ወደ ፔንሲልቬንያ ልመለስ። እዚያ አንድ የሚያስቀና ነገር ሆነ። በአንድ ሸለቆ የሚኖሩ ቀጥቃጮች ልጃቸውንና ደቀ መዝሙራቸውን ሲያስተምሩ፣ ደቀ መዝሙሩም ጎረቤት ዳስ ሲከፍት፣ እያንዳንዱ አካባቢ የራሱ መልክ ያለው ጠመንጃ ወጣለት። ላንካስተር፣ ዮርክ፣ ሪዲንግ፣ ሊሃይ፣ ቤድፎርድ ሁሉም የየራሳቸው አሠራር ነበራቸው። በሰደፉ ጎን ላይ ክዳን ያላት ትንሽ የናስ ሳጥን ትገጠማለች፤ በአረሩ ዙሪያ የሚጠቀለለው በሞራ የተነከረ ጨርቅ መቀመጫ ናት። የላንካስተር ሠሪ የክዳኗን ራስ የአበባ ቅርጽ ይሰጠዋል። የቤድፎርዱ ጠመንጃ ቀጠን ብሎ ይታወቃል። የሊሃዩ የሰደፉ ጀርባ ጎበጥ ይላል። ወደ ደቡብ፣ ወደ ቴነሲና ወደ ሰሜን ካሮላይና ተራሮች ሲወጣ ናሱ እየቀረ ይሄዳል። የደገኛው ቀጥቃጭ ናሱን በራሱ ብረት ተካው፤ በናሱ ሳጥን ፋንታም ሰደፉን ፈልፍሎ ሞራ ሞላበት። ከሁሉም እኔን የማረከኝ ይህ ደገኛ ነው። እጁ ባለው ነገር ሠርቶ፣ ያንኑ ድህነቱን የአገሩ መታወቂያ አደረገው።

ከመልኩ በላይ የገረመኝ ግን ከዘንጉ ላይ ባለው ጠፍጣፋ ገጽ የተቀረጸው የሠሪው ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1740 በጀርመን አገር ማይንዝ ተወልዶ በልጅነቱ ከወላጆቹ ጋር የተሰደደው ጃኮብ ዲከርት፣ በላንካስተር ሲሠራ ኖሮ በ1822 ሲሞት ስሙ በየጠመንጃው ላይ ቀርቷል። ሞራቪያውያን በሚባሉት ክርስቲያኖች መንደር ይሠራ የነበረው ክርስቲያን ኧርተርም ከስሙ ጋር ዓመቱን ጭምር ይቀርጽ ነበር። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ጠመንጃውን ያነሳ ሰው የማን እጅ እንደሆነ፣ የት ሸለቆ እንደተሠራ ያነባል። ያ ጠመንጃ የቀደሙትን ነዋሪዎች መሬት ለመንጠቅም ውሏል፤ ነዋሪዎቹም ራሳቸው ገዝተው ታጥቀውታል። የመሣሪያው ታሪክ ንጹሕ አይደለም። የባለ እጁ ስም መከበር ግን በራሱ የሚቆም ቁም ነገር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «እነሱ ሁሉን ነገር ራሳቸው ስለሚሠሩ ነው» ሊለኝ ይችላል። አልነበረም። ባሩዱን የሚያቀጣጥለው የእሳት ድንጋይ መምቻ፣ ከጠመንጃው ክፍሎች ሁሉ ረቂቁ፣ ብዙውን ጊዜ ከእንግሊዝ አገር በመርከብ የሚመጣ ነበር። የኛም የጎራዴ ታሪክ እንዲሁ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን መኳንንቱ ይታጠቁት ከነበረው ጎራዴ ብዙው ስለቱ የጀርመን ከተማ የዞሊንገን ሥራ ነው። እጀታውን ከአውራሪስ ቀንድ የቀረጸው፣ አፎቱን በቀይ ቆዳ የሰፋው፣ ጫፉን በብር ያስጌጠው የአገር ሰው ነው። ከውጭ የመጣውን ከራስ ጋር አዋህዶ የራስ ማድረግ በሁለቱም አገር ነበረ። ልዩነቱ ያንኛው ባለ እጅ ስሙን እንዲጽፍ መፈቀዱ ነው።

በአካባቢ መልክ የመሥራት ነገርማ ለላስታ ማን ይነግረዋል? የላሊበላን መስቀል ከጎንደሩና ከአክሱሙ ለይቶ የማያውቅ የደብር ልጅ የለም። የላሊበላው ክቡ የረዘመ፣ ዙሪያውን ትንንሽ ጉጦች ያሉት፣ መሐሉ ላይ መስቀል የቆመበት፣ ከታች ሁለቱ ክንዶቹ ወደ እጀታው የሚታጠፉ ነው። አሠራሩ ትዕግሥት የሚጨርስ ነው። መጀመሪያ በሰም ይቀረጻል። ሰሙ በጭቃ ይሸፈናል። ጭቃው ሲጋል ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በተወው ባዶ ቦታ የቀለጠ ናስ ይፈስበታል። ሲቀዘቅዝ ጭቃው ይሰበራል። ያ ቅርጽ ሁለተኛ አያገለግልም፤ ስለዚህ በዚህ መንገድ የተሠራ መስቀል ሁሉ መንትያ የለውም። በአሮጌ መስቀሎች ላይ ጽሑፍ ሲገኝ የምናነበው መስቀሉን ለደብሩ የሰጠውን ንጉሥ፣ መኰንን ወይም ካህን ስም ነው። የአሠሪው ስም ይቀረጻል፤ የሠሪው አይቀረጽም።

የቤተ መድኃኔ ዓለሙ «አፍሮ አይገባ» የተባለው ታላቅ መስቀል በ1989 ዓ.ም. ሲሰረቅ አገር አልቅሷል፤ ከዓመታት በኋላ ከቤልጂየም ሲመለስ አገር ደስ ብሎታል። የሰረቀው ተፈልጓል፣ የገዛው ታውቋል፣ ያስመለሱት ተመስግነዋል። ያንን መስቀል ያቀለጠው፣ የቀረጸው፣ የሞረደው ሰው ግን በዚያ ሁሉ ወሬ መሐል አንድ ጊዜ እንኳ አልተነሳም። ላንሳው የሚል ሰው ቢኖር እንኳ ስሙ የለም።

ሲታሰብ የሚገርመው ይህ የሆነው በላስታ መሆኑ ነው። ላስታ ከነገሥታቱ ሁሉ አብልጣ የምታከብረው ንጉሥ ባለ እጅ ነው። ቅዱስ ላሊበላን የምናስበው ከድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ባወጣው እጁ ነው፤ በጦር ሜዳ የረታው ጠላት ትዝ የሚለው የለም። ቀን ሰው፣ ሌሊት መላእክት ሠሩት ይላል ትውፊቱ። መላእክት የሚያግዙት ሥራ ሊናቅ እንደማይችል ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም ነበር። ደግሞ አስቡት፦ አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉት ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ቤተ ጊዮርጊስ ብቻውን ከመሬት በታች አሥራ ሁለት ሜትር ያህል ይወርዳል። ድንጋዩን የሚወጋው ብረት ነው፤ ብረት ደግሞ ይዶለዱማል። ዛሬ የዶለዶመውን መሮ ማታ እሳት ውስጥ ከትቶ የሚስለው ሰው ከሌለ ነገ ጠራቢው ሥራ ይፈታል። ከእያንዳንዱ ጠራቢ ጀርባ ቀጥቃጭ ቆሟል። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የእሱንም ላብ ነው።

ይህን ንጉሥ የቀደሰው ሕዝብ ቀጥቃጩን «ቡዳ» አለው። ማረሻውን ካልሳለለት አያርስም፤ ማጭዱን ካልሳለለት አያጭድም፤ ጦሩን ካልሠራለት አይዘምትም። ሆኖም ልጁን አይድርለትም፣ ሕፃኑ ሲታመም ዐይኑን ጠርጥሮ ቤቱን ይጠቁማል። ቀጥቃጩ ብዙውን ጊዜ ርስት አልነበረውም፤ በሌላው ሰው መሬት ጠርዝ፣ ከወንዝ ማዶ ነበር የሚሰፍረው። «እዚያ ማዶ የነበረው» ያሉኝ ሽማግሌ የተናገሩት አቅጣጫ ብቻ አልነበረም። ከመንደሩ ውጪ ያለ ሰው ስም የሚጠራው የለም፤ የማይጠራ ስም ደግሞ ብረት ላይ አይቀረጽም።

የንቀቱን ዋጋ የከፈለው ግን ቀጥቃጩ ብቻ አይደለም፤ አገሩም ጭምር ነው። ይህን ቀድሞ የተረዳው ዓፄ ቴዎድሮስ ይመስለኛል። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ዋልድማየርንና ሳልሙለርን የመሳሰሉ አውሮጳውያን ባለ እጆችን ሰብስቦ፣ የአገሩን ልጆች ከእነሱ ጋር አሰልፎ መድፍ አስቀለጠ። ከሁሉም ትልቁ ሴባስቶፖል ሰባ ኩንታል ገደማ ይመዝናል። በ1860 ዓ.ም. ንጉሡ ይህን ብረት እየጎተተ በጋይንት፣ በዋድላና በደላንታ አድርጎ፣ መንገድ በሌለበት መንገድ እየጠረገ ወደ መቅደላ ሄደ። ጉዞው ግማሽ ዓመት ያህል ፈጀ። ንጉሡ ራሱ ድንጋይ ሲያነሳና ሲፈነቅል የነበሩት ሰዎች አይተው ጽፈዋል። በዚያ ደጋ ላይ እንደ ቅዱስ ላሊበላ በእጁ የሠራ ንጉሥ ነበር።

የጋፋት ሥራ ግን ሥር አልሰደደም። ሥሩ የአንድ ሰው ፈቃድ ነበረና ከሰውየው ጋር አለቀ። ያንኑ ዓመት ንጉሡን ሊወጋ የመጣው የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ከዙላ ተነስቶ በአሸንጌና በላስታ ደጋዎች በኩል ሲያልፍ፣ ወታደሩ ከኋላው የሚጎርስ ስናድር ጠመንጃ ታጥቆ ነበር። ሚያዝያ 3 ቀን አሮጌ ሜዳ ላይ የሆነውን ታሪክ ያውቀዋል። ከንጉሡ ወገን 700 ያህል ሰው አለቀ፤ ከእንግሊዝ ወገን የሞቱት 2 ብቻ ናቸው። ከሦስት ቀን በኋላ ቴዎድሮስ በገዛ ሽጉጡ አረፈ። ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ አለ።

ቀጣዩ ትምህርት የወረደው በላስታ ራስ ላይ ነው። ከቴዎድሮስ ሞት በኋላ የላስታው ገዥ ዋግሹም ጎበዜ ዓፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። ናፒየር ሲመለስ ለትግራዩ ደጃዝማች ካሣ ምርጫ 850 ያህል ጠመንጃና ጥቂት መድፎች ትቶላቸው ነበር። ሁለቱ ጋብቻ ያስተሳሰራቸው ነበሩ፤ የንጉሡ ባለቤት ድንቅነሽ የካሣ እኅት ናቸው። ያም አላስቀረም። በሐምሌ 1863 ዓ.ም. አድዋ አጠገብ ተገናኙ። የተክለ ጊዮርጊስ ሠራዊት በቁጥር በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። የካሣ ጥቂት ጦር የታጠቀው ግን አዲሱን መሣሪያ ነው፤ ያሠለጠነውም ኪርካም የሚባል እንግሊዛዊ ነው። ቀኑ ሳይመሽ የላስታው ንጉሥ ተማረኩ። ካሣም ዓፄ ዮሐንስ ሆኑ። የላስታን ንግሥና የወሰደው፣ ላስታ ውስጥ የሚሠራው ያልነበረ ብረት ነው።

በዚህ ሁሉ መሐል ያ የአሜሪካው ቀጥቃጭ ሳይታሰብ ወደኛ ተራሮች ይመጣል። የረሚንግተን ኩባንያ ታሪኩን የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1816 ነው፤ ኤሊፋሌት ረሚንግተን የተባለ ወጣት በኒው ዮርክ ገጠር፣ በአባቱ የብረት ዳስ ውስጥ የጠመንጃ ዘንግ በእጁ ቀጥቅጦ ሠራ። ከአንድ ትውልድ በኋላ ያ ዳስ ታላቅ ፋብሪካ ሆነ። ፋብሪካው የሠራው ጠመንጃ ደግሞ የግብፅ ሠራዊት ትጥቅ ሆኖ በኅዳር 1868 ዓ.ም. ጉንደት ላይ፣ በዚያው ዓመት የካቲት መጨረሻ ደግሞ ጉራዕ ላይ መጣብን። ጉራዕ ላይ ከግብፁ አዛዥ ራቲብ ፓሻ ጎን የቆመው ዊልያም ሎሪንግ ራሱ አሜሪካዊ ጄኔራል ነበር። የዓፄ ዮሐንስ ሠራዊት ሁለቱንም አሸነፈ። በሺህ የሚቆጠር ረሚንግተንም በእጁ ገባ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ከተተኮሱት ጠመንጃዎች መካከልም ረሚንግተን ነበረበት። የአንድ ገጠር ቀጥቃጭ ልጅ ስም እንዲህ ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ በባዕድ ምርት ላይ ሆኖ የእኛን ነፃነት ሲጠብቅ፣ ሲሰበር የጠገነው የላስታና የዋግ ቀጥቃጭ ግን እዚያው ማዶ ቀረ።

ዓፄ ምኒልክ ይህ ሳይገባቸው አልቀረም። በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን፣ የሚጽፈውን በሞያው መስደብ ከለከሉ። ሠራተኛን የሰደበ የነገሠውን እንደ ሰደበ የሚያስቆጥር፣ ቅጣትም የሚያስከትል አዋጅ ነበር። ብዙ ጊዜ የምኒልክ ሥልጣኔ ሲነሳ ባቡሩ፣ ስልኩና ባንኩ ይቆጠራል። በእኔ ሚዛን ይህ አዋጅ ከሦስቱም አይተናነስም። ባቡር ገንዘብ ካለ ይገዛል። ባለ እጅን ማክበር ግን ከሌላ አገር አይገዛም፤ እዚሁ ሰው ልብ ውስጥ መብቀል አለበት። አዋጁ ከወጣ መቶ ዓመት አልፎታል። ዛሬም በየገጠሩ ቀጥቃጭ ቤት ልጁን ለመዳር የሚያንገራግር ቤተሰብ አለ።

አሜሪካኖቹም ቢሆኑ ስሙን ሁሉ ያለ ድካም አላገኙትም። ፋብሪካው ሲያሸንፍ የሸለቆው ቀጥቃጮች ዳሳቸውን ዘግተው ተረስተው ነበር። ቆይቶ ጆ ኪንዲግ የሚባል የዮርክ ሰው አሮጌዎቹን ጠመንጃዎች አንድ በአንድ ሰበሰበ፤ ስማቸውን አነበበ፣ ክዳናቸውን አነጻጸረ፣ የትኛው ከየትኛው ሸለቆ እንደሆነ ለየ። እ.ኤ.አ. በ1960 ያሳተመው መጽሐፍ የእነዚያን ሰዎች ስም ለልጅ ልጆቻቸው መለሰ። እ.ኤ.አ. በ1969 ደግሞ ዋላስ ገስለር የተባለ ባለ እጅ በዊልያምስበርግ ከተማ፣ በጥንቱ መንገድ አንድ ጠመንጃ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእጁ ሲሠራ በፊልም ተቀረጸ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ወጣቶች ሞያውን ተምረውታል። የጠፋ ስም ሊገኝ እንደሚችል ይህ ምስክር ነው። የሚያስፈልገው ነገሩን ከቁብ የሚቆጥር፣ ወረቀትና እርሳስ ይዞ የሚቀመጥ ሰው ነው።

እኛ ጋ ጊዜው ገና አላለፈም። በላሊበላ ዙሪያ ብረት የሚቀጠቅጡ፣ መስቀል የሚያቀልጡ፣ ድንጋይ የሚጠርቡ ሰዎች ዛሬም አሉ። የማረሻ ብረት ፋብሪካ ሠርቶ ቢያቀርብም የሚሳለው እነሱ ጋ ነው። ማጭድ ይሠራሉ፣ መጥረቢያ ይሠራሉ፣ ለጎብኚ የሚሸጥ መስቀል ይሠራሉ። ጎብኚው መስቀሉን ገዝቶ «ከላሊበላ» ይላል እንጂ ከማን እጅ እንደሆነ አይናገርም፤ የሚነግረው አላገኘማ። ጠመንጃ እንዲሠሩ የምመኝ አይምሰላችሁ። ያ ዘመን ይለፍ። እኔ የምመኘው ማረሻው ላይ፣ መስቀሉ ጀርባ ላይ፣ ማጭዱ እጀታ ሥር አንድ ትንሽ ስምና ዓመተ ምሕረት ተቀርጾ ማየት ነው።

ይህ ለመጀመር ባጀትም ስብሰባም አይጠይቅም። የአካባቢው የባህልና ቱሪዝም ሰዎች ሲመዘግቡ ከቅርሱ ቀጥሎ የሠሪውን ስም የሚጽፉበት አንድ ረድፍ ይጨምሩ። የትምህርት ቤት ልጆች ከአያቶቻቸው ዘንድ ሄደው የመንደሩ ቀጥቃጭ ማን ይባል እንደነበር ጠይቀው ይጻፉ፤ ከሚያውቁት ሽማግሌዎች ብዙዎቹ አሁንም በሕይወት አሉ። አንተም አንባቢዬ፣ አንቺም፣ ላሊበላ ወርዳችሁ መስቀል ስትገዙ ዋጋውን ከመከራከራችሁ በፊት የሠራውን ሰው ስም ጠይቁ። ከነአባቱ ስም ጠይቁት፤ ከተቻለም መስቀሉ ጀርባ ላይ እንዲቀርጽላችሁ ለምኑት፤ የቀረጸበትንም ክፈሉት።